«አዞው ይገደል!»፦ ስለ ተከዜ አዞ የሚወራው እውነት ነው ወይስ ተረት?

ሰቆጣ ላይ ቆሞ ስለ አዞ የሚያወራ ሰው አገር የሳተ ይመስላል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ያለች ናት፤ የዋግ ደጋ ሰው ስለ አውሬ ሲነሣ የሚያወራው ስለ ጅብ፣ ስለ ነብርና ስለ ዝንጀሮ ነው። ቁልቁል ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ ግን ወሬው ይለወጣል። በዝቋላ፣ በአበርገሌና በሰሃላ ሰየምት ቆላ ውኃ የሚቀዳውም፣ ፍየል የሚጠጣውም፣ መረብ የሚጣለውም አዞ ባለበት ውኃ ነው።

በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ 188 ሜትር ከፍታ አለው፤ በጊዜው በቁመቱ ከአፍሪካ ግድቦች ሁሉ ይበልጥ ነበር። 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራው ይህ ግድብ ያቆረው ውኃ በዋግ ኽምራና በትግራይ መካከል የተኛ ረጅም ሐይቅ ሆነ። ዝናብ በሚከዳው አገር ዓሣ መጣ። ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው ቆሮሶና አምባዛ ማስገር ያዙ፤ የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም የሐይቁን ዓሣ ማጥናት ጀመረ። አዞውም እዚያው አለ። አዞ ሰው ወሰደ በተባለ ቁጥር ከለቅሶው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ተተኩሶ ለምን አይጨረስም? ጥያቄው ነውር የለበትም። በዙሪያው የሚወራው ግን እውነትና ተረት የተቀላቀለበት ነው፤ ተረቱ ደግሞ ሰው ያስበላል።

«አዞው ከግድቡ ጋር የመጣ ነው»

ተረት ነው። ተከዜ የአዞና የጉማሬ ወንዝ መሆኑ የታወቀው ግድቡ ከመታሰቡ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተከዜ ዳር ወርዶ ጉማሬ ያደነበትን ጉዞ ጽፏል። ሳሙኤል ቤከርም እ.ኤ.አ. በ1861 እና በ1862 አትባራንና ሰቲት የሚባለውን የታችኛውን ተከዜ ተከትሎ ሲጓዝ ስለ አዞ ደጋግሞ አንሥቷል። ማንም አምጥቶ የጣለው አዞ የለም።

ግድቡ የለወጠው መገናኛውን ነው። ቀድሞ ወንዙ በገደል መካከል እየተጠማዘዘ ይወርድ ነበር፤ ሰው የሚደርስበትም በታወቁ መውረጃዎችና መሻገሪያዎች ብቻ ነበር። አሁን ያለው ግን በክረምት የሚሞላ፣ በበጋ ደግሞ ብዙ ሜትር የሚሸሽ ሐይቅ ነው። ዳርቻው ራሱ ይሄዳል ይመጣል። ኅዳር ላይ ውኃ የተቀዳበት ቦታ ግንቦት ላይ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ይሆናል፤ ሰውም ውኃውን ተከትሎ አዲስ መውረጃ ያወጣል። አሮጌው መሻገሪያ የት ጋ እንደሚያሰጋ አባት ለልጁ ያወርሰው የነበረው እውቀት በየወቅቱ ለሚለዋወጥ ዳርቻ ብዙም አይበጅም። እኔ ከአዞው ጥርስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ተቃራኒው ወሬም አለ፤ «ደጋው ላይ ካለ ወንዝ አዞ ወጣ» የሚባለው። አባይ ከጢስ አባይ ፏፏቴ በታች ባለው በረሃ አዞ ሞልቶበት ሳለ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ያለው ጣና ግን አዞ የለበትም፤ ጣና ዳር «አዞ» ተብሎ የሚሮጥለት ብዙ ጊዜ አርጃኖ ነው። ሙቀት የሚወድ እንስሳ ሰቆጣ ድረስ ሽቅብ አይወጣም።

«አንዱን ክፉ አዞ ከገደሉት ውኃው ይነጻል»

ብዙ ሰው የሚያምነው ይህንን ነው፤ እኔም ረዘም አድርጌ የማየው ይህንን ነው።

ጋምቤላ ላይ በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ ባሮ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ አዞ ወሰደው። አዞው በማግስቱ በአዳኝ ተተኩሶ ተገደለ፤ ሆዱም ሲከፈት የገደለው እሱ ለመሆኑ ጥርጥር አልቀረም። ቤተሰቡ የሚቀብረው አገኘ፣ በዳዩም ታወቀ። ባሮ ግን ያው ባሮ ነው፤ የአዞ ወንዝ እንደሆነ አለ።

ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ትልቅ አዞ ጥሩ ቦታ ይይዛል፤ ዓሣ የሚያልፍበትን፣ ከብት የሚጠጣበትን። እሱ ሲገደል ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ሌላው ይገባበታል። አዲሱ ገቢ ያነሰ ቢሆን እንኳ ሁለት ሜትር ተኩል የሚያህል አዞ ልጅ ለመጎተት አያንስም። ተከዜን በሙሉ ከአዞ ማጽዳት ከተፈለገ ደግሞ ከላስታ ተራሮች እስከ ሱዳን የሚወርድ ወንዝ ከነገባሮቹ ሊታደን ነው።

በዚህ ጉዳይ ከእኛ በፊት ብዙ ገንዘብ ያፈሰሱት የባሕር ዳር አገሮች ናቸው፤ የእነሱ አዞ ሻርክ ነው። ሃዋይ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1976 ድረስ ሻርክ ማስጨረስን ሥራዬ ብላ ይዛ 4,668 ሻርኮች አስገደለች። በኋላ ተመራማሪዎች መዝገቡን ሲያገላብጡ በሰው ላይ የሚደርሰው አደጋ በዚያ ምክንያት መቀነሱን የሚያሳይ ነገር አላገኙም። ምዕራብ አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2014 በትልልቅ መንጠቆ ማጥመጃ ዘርግታ 172 ሻርኮች ያዘች፤ ዘመቻው የተጠራው ሰው በገደለው በትልቁ ነጭ ሻርክ ምክንያት ሆኖ ሳለ ከተያዙት መካከል ነጭ ሻርክ አንድም አልነበረም። ሲገደል የከረመው ሌላው ነበር።

ነገር ግን «መግደል ፈጽሞ ለውጥ አያመጣም» ማለትም ሌላ ተረት ነው። የደቡብ አፍሪካዋ ደርባን እ.ኤ.አ. ከ1943 እስከ 1951 ድረስ ሰባት ሰው በሻርክ ሞቶባታል፤ በ1952 በመዋኛ ዳርቻዎቿ ፊት መረብ ከዘረጋች ወዲህ እዚያ በሻርክ የሞተ ሰው የለም። መረቡ አጥር አይመስላችሁ፤ ሻርክ የሚገድል መረብ ነው፣ ዶልፊንና ኤሊም ይገድላል። ለውጥ ያመጣው ግን የታወቀ ጠባብ ዳርቻ ስለሆነና በየጊዜው የሚጎበኘው፣ የሚጠግነው፣ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ስላለው ነው። አውስትራሊያም በሰሜናዊ ግዛቷ በዳርዊን ከተማ ዙሪያ በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ አዞዎችን በወጥመድ ይዛ ታወጣለች። እዚያ አዞ እ.ኤ.አ. በ1971 በሕግ ሲጠበቅ የቀረው ጥቂት ሺህ ነበር፤ ዛሬ 100,000 ገደማ ይገመታል። ይህን ሁሉ አዞ እያወጡም ባለሥልጣኖቹ ለሕዝቡ የሚነግሩት «አጽድተናል፣ ግቡ» የሚል አይደለም። «አሁንም አዞ እንዳለ ቁጠሩ» ነው የሚሉት።

እንግዲህ ይህ ለዝቋላ ምን ይላል? ሰው የለመደ፣ አንድ መውረጃ ላይ የሚያደባ አዞ ከታወቀ እሱን ማስወገድ ተገቢ ነው፤ ለዚያም መንገድ አለ። ጥይት ይዞ ሐይቁን መዞር ግን ተኳሹን ያደክማል እንጂ ውኃ ቀጂዋን አያድናትም። እንዲያውም ይብሳል፤ «ተገድሏል» የተባለ ቀን ሰው ጥንቃቄውን ይተዋል።

«እንዲያ ከሆነ ይዞ ሩቅ ቦታ መልቀቅ»

ለሰሚ ርኅራኄ ያለው ሐሳብ ነው፤ አዞው ግን ይመለሳል። አውስትራሊያ ውስጥ ምልክት ታስሮላቸው በሄሊኮፕተር ርቀው ከተለቀቁ የባሕር አዞዎች አንዱ በ20 ቀን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝቶ ወደ ቤቱ ገብቷል። የእኛው የናይል አዞ ሌላ ዝርያ ነው፤ ግን በአንድ ሐይቅ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ አዞ አሻግሮ የሚኮራ ካለ ይህን ይስማ።

«ሕጉ ከሰው ይልቅ ለአዞ ያደላል»

ግማሹ እውነት ነው፤ ከየትኛው ወገን እንደምታዩት ነው።

የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ ማደንን ይከለክላል፤ የጣሰውን በገንዘብና በእስራት ይቀጣል። አዞ የዱር እንስሳ ነው። በሌላ በኩል ሕጉ ለሰው ሕይወት አስጊ የሆነ እንስሳ ሲገጥም እጅ አጣጥፋችሁ ተቀመጡ አላለም። በመጀመሪያ ማባረር፣ ያ ካልሆነ ማስወገድ ይቻላል፤ ውሳኔው ግን ጠመንጃ ላለው ሁሉ ሳይሆን ሥልጣኑ ለተሰጠው መሥሪያ ቤት የተተወ ነው። ጥርሱን ልጅ ላይ ያሳረፈ አዞ ላይ የሚተኩስ አባት ደግሞ ለመዝናናት ካደነ ሰው ጋር እኩል አይታይም፤ የወንጀል ሕጋችን አስገዳጅ ሁኔታ የሚባለውን ነገር ያውቃል።

አገራችን የዱር እንስሳትን ዓለም አቀፍ ንግድ የሚቆጣጠረውን የሳይቴስ ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የኢትዮጵያ አዞ በስምምነቱ ሁለተኛ መዝገብ ላይ የሰፈረ ነው፤ ይህም ፈጽሞ አይነካም ማለት አይደለም፣ በቁጥጥር ይሁን ማለት ነው። የአርባ ምንጭ የአዞ ራንች ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳርቻ እንቁላልና ጫጩት እየሰበሰበ አሳድጎ ቆዳውን ለውጭ ገበያ ያቀረበው በዚሁ መንገድ ነው። አዞ ሕግ ስለሚጠብቀው ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ስለሚያስገኝም ሊጠበቅ እንደሚችል አርባ ምንጭ አሳይታለች። ለተከዜ ይህ ይሠራል ብዬ አልቸኩልም፤ ራንች ገበያ፣ መንገድና ቱሪስት ይፈልጋል።

ሕጉ አያደላም ከተባለም ያልመለሰው ጥያቄ አለ። የአበርገሌ ፍየሉ በአዞ የተበላበት ሰው ካሳ የሚያገኝበት ሥርዓት የለንም። መረቡ የተቀደደበት ዓሣ አስጋሪም እንደዚያው። እንስሳውን የመጠበቁ ዕዳ የወደቀው ለመክፈል አቅም በሌለው ላይ ነው፤ ሰው «ለአዞ ያደላል» ሲል የሚያወራው ስለ አንቀጽ ቁጥር ሳይሆን ስለዚህ ነው። እዚህ ላይ ቆላው ተሳስቷል የሚል ካለ አብሬው አልቆምም።

«ውኃው ጸጥ ካለ አዞ የለም»

ይህኛው ገዳይ ተረት ነው።

አዞ የሚያድነው በማድባት ነው። ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ከጭንቅላቱ አናት ላይ ናቸው፤ ሌላው አካሉ ሁሉ ሰምጦ እነሱ ብቻ ብቅ ቢሉ ይበቃዋል። ሲፈልግ ጨርሶ ይሰምጣል፤ ሳይንቀሳቀስ ከተቀመጠ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ሳይተነፍስ ይቆያል። ደሙ ቀዝቃዛ ስለሆነ ምግብ አያስቸኩለውም፤ ወራት ጦሙን መክረም ይችላል። ትዕግሥት ያለው አውሬ የሰውን ልማድ ያጠናል፦ በየማለዳው በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ድንጋይ ላይ ጎንበስ የምትል ሴት ለእሱ የታወቀ ቀጠሮ ናት። ዛሬ ያላዩት አዞ ትናንት ያያችሁ ሊሆን ይችላል።

«ጥልቀት የሌለው ውኃ አያሰጋም» የሚለውም የዚሁ ወንድም ነው። ጉልበት የሚደርስ ድፍርስ ውኃ ትልቅ አዞ ይደብቃል። ድንጋይ ወርውሮ አይቶ መግባትም ልማድ ነው፤ የወጣ ነገር አለመኖሩ የተደበቀ ነገር አለመኖሩን አያረጋግጥም፣ የድንጋዩ ድምፅም «እዚህ ሰው አለ» ብሎ ሊናገርባችሁ ይችላል።

«ሰው ከበዛ አይደፍርም» ለሚሉ ደግሞ አባያ መልስ አላት። በ2010 ዓ.ም. ግንቦት ላይ አንድ ፓስተር በሐይቁ ዳር ወደ 80 የሚሆኑ ምእመናንን ሲያጠምቁ አዞ ከውኃው ዘሎ ፓስተሩን ይዞ ገደላቸው፤ ሊያድኗቸው የሞከሩት ዓሣ አስጋሪዎች አልቻሉም። ብዛት ለአዞ የሚያስፈራ ነገር አልሆነም።

ቶሎ ቶሎ የሚታለፉ

«አዞ ሲያባርርህ እየተጠማዘዝክ ሩጥ።» ተረት። አዞ በየብስ ሰው አያባርርም ማለት ይቻላል፤ የሚወረወረው ከውኃው ጠርዝ ነው፣ ያም የጥቂት ሜትር ጉዳይ ነው። ከዳር ራቁ፣ በቀጥታ ሩጡ፤ መጠማዘዝ ጊዜ ይፈጃል።

«ዓይኑን ብትወጋው ይለቃል።» የለቀቀበት ጊዜ አለ፤ በዚህ የተረፉ ሰዎች አሉ። የተያዘ ሰው ይሞክረው እንጂ ለመግባት ድፍረት አይሁነው፤ አዞ የያዘውን ወደ ጥልቁ ጎትቶ እየተገላበጠ ነው የሚያሰጥመው።

«አዞ ሲበላ ያለቅሳል።» እንባው እውነት ነው፣ ኀዘኑ ግን የለም። ፍሎሪዳ ውስጥ የአዞ ዘመዶች ሲመገቡ በካሜራ ሲታዩ ከሰባቱ አምስቱ እንባ አፍስሰዋል።

«ጉማሬ ሣር በሊታ ነው፣ ሰው አይነካም።» ሰው አይበላም፤ ይገድላል ግን። በተለይ ሌሊት ሲግጥ አድሮ ወደ ውኃ ሲመለስ መንገዱ ላይ የቆመ ሰውና ትንሽ ጀልባ ጠላቱ ናቸው። ተከዜ ላይ መረብ የሚጥል ሰው ሁለቱንም ይፍራ።

«አዞ መረብ ይቀድዳል።» እውነት ነው። መረብ ውስጥ የሚፈራገጥ ዓሣ ይጠራዋል። ከዚያ የባሰው ግን ዓሣው ሲወጣ ነው፦ ሆድ ዕቃው እዚያው ዳርቻ ላይ ከተጣለ አዞው የጀልባ ማረፊያን ከምግብ ጋር ማያያዝ ይለምዳል። ዓሣ ከውኃው ርቆ ይበለት፣ ሆድ ዕቃው ይቀበር። ምንም ወጪ የለውም።

ታዲያ ምን ያድናል?

አዞ ባለበት አገር የሚሰጠው ምክር የሚያስደንቅ ነገር የለበትም። ከውኃው ጠርዝ ቢያንስ አምስት ሜትር መራቅ፣ አመሻሽና ሌሊት አለመውረድ፣ ውኃ ሲቀዳ ከፍ ካለ ቦታ በገመድ መሳብ እንጂ ዳሩ ላይ ቁጢጥ አለማለት፣ ቦታና ሰዓት መቀያየር፣ ከጀልባ ላይ እጅና እግር አለማንጠልጠል። በበጋ እንስቲቱ አሸዋ ላይ ከ25 እስከ 80 እንቁላል ጥላ ሦስት ወር ያህል ስትጠብቅ ደግሞ አሸዋማ ዳርቻውን መተው፤ ያን ጊዜ የሚያስቆጣት ርሃብ አይደለም።

ይህን ምክር ለአንዲት የዝቋላ እናት መንገር ቀላል ነው። ቦታ ቀይሪ ለማለት ሁለተኛ ቦታ ሊኖራት ይገባል። አመሻሽ አትውረጂ ለማለት ቀኑን ሙሉ ሥራ የማይዛት መሆን አለባት። ሰውን ከአዞ አፍ የሚያደርሰው ድፍረት ሳይሆን የውኃ እጦት ነው፤ ስለዚህ የአዞ ጉዳይ ከዱር እንስሳት ቢሮ ይልቅ የውኃ ቢሮ ጉዳይ ነው እላለሁ። መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በዚችው ሰቆጣ ስም የሰቆጣ ቃል ኪዳን ብሎ የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት ሲነሣ፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ የጀመረው በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነው፤ ንጹሕ ውኃ ከሥራው አንዱ ነው። ዳርቻው ላይ ሳይደርሱ ውኃ የሚቀዳበት ቧንቧ ለሕፃን ጤና ሲባል የሚተከል ከሆነ ከአዞም ያድናል።

በስሪ ላንካ ኒልዋላ ወንዝ ዳር ሰዎች ገላቸውን የሚታጠቡበትንና ውኃ የሚቀዱበትን ቦታ በእንጨትና በብረት ፍርግርግ ከልለው ከአዞ ይጠበቃሉ። አፍሪካ ውስጥም ተሞክሯል። ርካሽ ነው፣ መንደር በራሱ እጅ ሊሠራው ይችላል። ተከዜ ሐይቅ ላይ ግን እንዳለ ቢገለበጥ አይሠራም፤ ውኃው ሲሸሽ አጥሩ ደረቅ ላይ ይቀራል፣ ሲሞላ ይሰምጣል። ሐይቁን ተከትሎ የሚነሣ፣ ተንሳፋፊ ወይም ተነቃይ መሆን አለበት። ከዚያ የሚሻለው ውኃውን በፓምፕ ሽቅብ ስቦ ለሰው ቦኖ፣ ለፍየል ደግሞ ገንዳ መሥራት ነው። ፍየል ዳርቻውን ካልረገጠ እረኛውም አይረግጠውም፤ እረኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው።

ፓምፕ ይበላሻል። በተበላሸ በማግስቱ ሰው ጀሪካኑን ይዞ ወደ ዳርቻው ይወርዳል። ስለዚህ ለአዞ አደን የሚጠየቀው ጥይትና አበል ለፓምፕ ጠጋኝና ለመለዋወጫ ዕቃ ቢመደብ፣ ጠጋኙም ከሰቆጣ እስኪመጣ የሚጠበቅ ሳይሆን እዚያው ቀበሌ የሚኖር ቢሆን ይሻላል።